የትዳር ጥራት በምን ይለካል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰው ስለ ትዳሩ ሲጠየቅ «ተመስገን» ብሎ ያልፋል። ታዲያ ተመራማሪዎች ምኑን ይዘው ይለካሉ?

መልስ፦ በአብዛኛው በጽሑፍ መጠይቅ ነው። ከታወቁት መካከል ሎክና ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጡት ባለ 15 ጥያቄ እና ስፓኒየር በ1976 ያዘጋጀው ባለ 32 ጥያቄ መጠይቅ ይገኛሉ። የስፓኒየር መጠይቅ ባልና ሚስት በገንዘብ አያያዝና በአማቶች ጉዳይ ምን ያህል እንደሚስማሙ፣ አብረው ምን እንደሚሠሩ፣ መፋታትን አንሥተው ያውቁ እንደሆነ ጠይቆ ከ0 እስከ 151 ነጥብ ይሰጣል። የ«ተመስገን»ም ነገር የተዘነጋ አይመስለኝም፤ ደስታን በሚጠይቀው ባለ ሰባት እርከን መለኪያ መካከለኛው እርከን ራሱ «ደስተኛ» የሚል ነው።

ጥያቄ፦ ነጥባቸው ዝቅ ያለ ሁሉ ይፋታሉ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የትዳር ጥራትና የትዳር ጽናት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለልጆች ሲሉ ሳይደሰቱ አብረው የሚኖሩ ጥቂት አይደሉም።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በብዙ ነገር እንከራከራለን፤ ግን እንዋደዳለን። መጠይቁ አይበድለንም?

መልስ፦ ሊበድላችሁ ይችላል፤ የባለሙያዎቹም ዋና ክርክር ይኸው ነው። ስምምነት ለደስታ ምክንያት ሊሆን ይችላል እንጂ ደስታው ራሱ አይደለም። ሁለቱን በአንድ ነጥብ የሚደምር ተመራማሪ «የሚስማሙ ሰዎች ደስተኞች ናቸው» ብሎ ቢደመድም፣ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ጠይቆ ተመሳሳይ መልስ ማግኘቱ ነው። ኖርተን በ1983 ስለ ትዳሩ አጠቃላይ ግምገማ ብቻ የሚጠይቁ ስድስት ጥያቄዎችን ያቀረበው ለዚህ ነው። ፊንቻምና ሊንፊልድ ደግሞ በ1997 ደጉንና ክፉውን ለየብቻ ለኩ፤ ምክንያቱም አጥብቆም የሚወድ አጥብቆም የሚማረር ሰውና ነገሩን ከናካቴው የተወ ሰው በአንድ መስመር ሲለኩ ሁለቱም መካከል ላይ ያርፋሉ። እኔ ወደዚህኛው አዘነብላለሁ።

ጥያቄ፦ ከመጠይቅ ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ አለ። ጎትማንና ሌቨንሰን በአሜሪካ ባልና ሚስትን በሚያጨቃጭቃቸው ጉዳይ ለ15 ደቂቃ ያህል እርስ በርስ እያነጋገሩ በቪዲዮ ቀርጸዋል፤ የልብ ምታቸውንም መዝግበዋል። ብዙ ድካም ቢጠይቅም፣ አፍ ያላወጣውን ንቀት ፊት ሲያወጣው ያሳያል።

ጥያቄ፦ መጠይቁ ወደ አማርኛ ቢተረጎም ይሠራል?

መልስ፦ ቃሉን መመለስ ብቻውን አይበቃም። ስፓኒየር «የትዳር ጓደኛዎን በየስንት ጊዜው ይስማሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መሳሳም በማይዘወተርበት ቤት ያደጉ፣ ፍቅራቸውን በመጎራረስ የሚገልጹ ባልና ሚስት እዚህ ላይ ነጥብ የሚያጡት በልማዳቸው እንጂ በፍቅር ማነስ አይደለም።