«ወደ ላይ ይወጣል» ከማለታችሁ በፊት

ለምትጀምሩ የአውሮራ (በዋልታዎች አካባቢ ሰማይ ላይ የሚታየው ብርሃን) ተመራማሪዎች፣

በቅርቡ አንዲት ተማሪ «ራዳሩ አዮኖቹ በሰከንድ 200 ሜትር ወደ ላይ ይወጣሉ ይለኛል፤ ልመነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዮኖች ያለቻቸው ኤሌክትሪክ የተሸከሙትን የላይኛው አየር ቅንጣቶች ነው። ጥያቄው የቆየ ጸጸቴን ቀሰቀሰው፤ እኔ በጊዜው ሳልጠይቅ አምኛለሁና።

ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ላሳያችሁ። ሰሜን ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ አጠገብ ያለው የኤይስካት (የላይኛውን ከባቢ አየር በራዳር የሚያጠና ድርጅት) ባለ 32 ሜትር ዲሽ የሚሠራው በ930 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 32 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በጨረሩ መስመር በሰከንድ 100 ሜትር የሚጓዝ አዮን የተመላሹን ሞገድ ድግግሞሽ በ620 ኸርዝ ያህል ያዛውራል። ራዳሩ ሌላ አያውቅም፤ የሚለካው በጨረሩ መስመር ያለውን ብቻ ነው። በዚያ አገር መግነጢሳዊው መስክ ከቀጥታ ቁልቁለት 12 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይላል። 50 ሚሊቮልት በሜትር የሆነ ወደ ምሥራቅ የዞረ ኤሌክትሪክ መስክ ፕላዝማውን (የአዮኖቹንና የኤሌክትሮኖቹን ድብልቅ) በሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ይገፋዋል። ዲሹ ቀጥ ብሎ ሰማይ ካየ፣ ከዚህ ፍጥነት አንድ አምስተኛው «ወደ ላይ» ሆኖ ይነበባል። ተማሪዋ ያየችው 200 ሜትር ይኸው ሊሆን ይችላል። ጨረሩን ከመስኩ መስመር ጋር ብታስተካክሉም የ1 ዲግሪ ስህተት በሰከንድ 17 ሜትር ያህል ያስገባል።

እኛ ኢትዮጵያውያን እዚህ ላይ በተለይ እንሳሳታለን። በአገራችን ሰማይ መስኩ ወለል ያለ አግድም ስለሆነ የምሥራቅ መስክ ፕላዝማውን በእርግጥ ያነሣዋል። ያንን ልማድ ይዞ ሰሜን መሄድ አይቻልም።

ቀድሞ ኪሩና (ስዊድን) እና ሶዳንኪላ (ፊንላንድ) ያሉት ተቀባዮች ከትሮምሶ ጋር ሆነው ሦስቱንም የፍጥነት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ይሰጡ ነበር። የሞባይል ስልክ ሞገድ ስለረበሻቸው ወደ 224 ሜጋኸርዝ ተዛወሩ፤ ስለዚህ ከ930 ሜጋኸርዙ ዲሽ ጋር አብረው መለካታቸው ቀረ። አንድ ዲሽ ብቻ ያለው ሰው ጨረሩን በየአቅጣጫው እያዞረ ይለካል፤ ይህ ግን በነዚያ ደቂቃዎች ሰማዩ አልተለወጠም ብሎ ማመን ነው። የአውሮራ ቅስት በሚያልፍበት ሌሊት እንዲህ ብሎ ማመን አይቻልም። 110 ኪሎ ሜትር ላይ የጨረሩ ስፋት 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቅስቱ ግን 100 ሜትር ሊቀጥን ይችላል።

አማካይ የምትወስዱበትን ጊዜ አታርዝሙ። ባታረዝሙት ደግሞ ጫጫታው ይውጣችኋል። ስለዚህ ያንኑ አንድ መረጃ በ5 ደቂቃ፣ በ1 ደቂቃ፣ በ10 ሰከንድ አስሉት፤ የፍጥነቱ ምልክት ከተገለባበጠ አታትሙት።

የዛሬ ወጣቶች ፈጣን ናችሁ፤ ፕሮግራሙ የፍጥነት ቀስቶቹን ሥሎ ሲጨርስ ግን ሥራው ያለቀ ይመስላችኋል። ስፔክትረሙን፣ ማለትም የተመላሹ ሞገድ ኃይል በየድግግሞሹ የተከፋፈለበትን ሥዕል፣ በዓይናችሁ እዩ። በላዩ ላይ ከሚታዩት ሁለት ጉብታዎች አንዱ ከሌላው እጅግ ከገዘፈ ፍጥነቱን የሚያሰላው ቀመር ያንኑ ልዩነት ፍጥነት አድርጎ ይነግራችኋል። ሳተላይት በጨረሩ ያለፈበትንም መረጃ ቁረጡ።

ለተማሪዋ የመለስኩላት፦ ጨረሩን በመስኩ መስመር አድርጊና ደግመሽ ለኪ፤ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ፍሰቱ አሁንም ካለ ያን ጊዜ ጻፊው።