ገደቡን ያስቀመጥከው አንተ፣ የምታነሳውም አንተ

አንድ አንባቢያችን አንድሮይድ ስልኩ ላይ ቲክቶክን በቀን 30 ደቂቃ ብሎ ገደበው። ሰዓቱ ሲሞላ አፑ ግራጫ ሆኖ ይዘጋል። እሱ ደግሞ ሴቲንግ ገብቶ ገደቡን ያነሳዋል። «ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን?» ሲል ጠይቋል።

ስልክህ ጤነኛ ነው ወንድሜ። ገደቡን ያስቀመጥክበት ዲጂታል ዌልቢንግ (ሴቲንግ ውስጥ ያለው፣ የስልክ አጠቃቀምህን የሚቆጥረው ክፍል) ቲክቶክን ይቆልፍና ቁልፉን መልሶ ለአንተ ይሰጥሃል። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ደግሞ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። እስከዚያ ሰዓት ያልተኛ ሰው አዲስ 30 ደቂቃ ይመረቅለታል ማለት ነው።

ገደቡን ለጊዜው ተወውና ዲጂታል ዌልቢንግን ክፈት። ክቡ መሃል ያለው የዛሬው ጠቅላላ ሰዓት ነው፤ እሱ ያሳስታል። ካርታ ከፍተህ መንገድ ስትከተል የቆየህበትም እዚያ ውስጥ አለ። እኔ የማየው ስልኩ ስንቴ እንደተከፈተና ስንት ኖቲፊኬሽን እንደገባ የሚነግሩትን ቁጥሮች ነው። በሽታው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያለው። የኖቲፊኬሽኑን ቁጥር ነካ ብታደርገው የትኛው አፕ አብዝቶ እንደሚጠራህ በተራ ያሳይሃል። ሰው የጻፈልህ መልእክትና የስልክ ጥሪ እንዳሉ ይቆዩ፤ «እገሌ ላይቭ ገባ» የሚለውን ሁሉ ዝጋው።

እኔ ራሴ ስልኬን አብዝቼ የምከፍተው ሰዓት ለማየት ነበር። ግማሽ ሰዓት ቪዲዮ አይቼ ስልኩን አስቀምጣለሁ፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አሁንም አላውቅም! የእጅ ሰዓት አሰርኩ፣ ተገላገልኩ።

ቀጥሎ ከቲክቶክ ሎግ አውት አድርግ፤ ፓስወርዱንም ስልኩ እንዲያስታውስልህ አትፍቀድ። በገባህ ቁጥር መጻፍ ይሰለቻል፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። ማታ ማታ እዚያው ዲጂታል ዌልቢንግ ላይ ቤድታይም ሞድ (የመኝታ ሰዓት) ውስጥ ያለውን፣ ስክሪኑን ቀለም አልባ የሚያደርገውን ግሬይስኬል አብራው። ቀለም የሌለው ቪዲዮ ቶሎ ይሰለቻል። ብሮውዘሩ ላይም ከቲክቶክ ሎግ አውት ማድረግ አትርሳ፤ አፑ ሲዘጋ በእሱ በኩል የሚገባ ብዙ ነው።

አይፎን ለያዛችሁ፣ ስክሪን ታይም (የአይፎኑ የሰዓት መገደቢያ) ላይ ፓስኮድ ካላደረጋችሁ ገደቡን በቀላሉ ታልፉታላችሁ። ፓስኮዱን የምታምኑት ሰው ይሙላላችሁ። «ብሎክ አት ኤንድ ኦፍ ሊሚት» የሚለውም መብራቱን እዩ፤ እሱ ካልበራ ፓስኮዱ ብቻውን አያቆማችሁም።

አንተ ግን ዛሬ በኖቲፊኬሽኑ ጀምር። ስንቴ እንደከፈትክ የሚለውን ቁጥር ለሦስት ቀን ወረቀት ላይ ጻፈው። ካልቀነሰ ቁጥሩን ላክልኝ።