የፈረንጆቹ 2012 እንግሊዝ ውስጥ ምን ነበር?

ጥያቄ፦ ለንደን ከመጣሁ ገና ጥቂት ዓመቴ ነው። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ቤት ነው። ሻይ ሰዓት ላይ የባልደረቦቼ ወሬ ሁሉ «በ2012 እኮ…» ነው። ኦሎምፒኩ፣ ንግሥቲቱ፣ ሰዉ ሁሉ ደስ ብሎት ነበር ይሉኛል። እውነት እንደዛ ነበር ወይስ ያለፈ ነገር ሁሌ ስለሚያምር ነው? (ከምሥራቅ ለንደን)

መልስ፦ እህቴ፣ አላጋነኑም። የዚያ ክረምት ደስታ እውነተኛ ነበር። ግን የነገሩሽ የዓመቱን ግማሽ ነው። ዛሬ አንቺን የሚነካሽ ደግሞ ሌላው ግማሽ ነው።

ከደስታው ልጀምር። ሜይ 13 አጉዌሮ በመጨረሻው ሰዓት ጎል አግብቶ ማንቸስተር ሲቲ ከ44 ዓመት በኋላ የሊጉን ዋንጫ በላ። በሳምንቱ ቼልሲ ባየርንን እዛው ሙኒክ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ የቻምፒየንስ ሊጉን ወሰደ። ጁን መጀመሪያ ላይ ንግሥት ኤልሳቤጥ የነገሡበት 60ኛ ዓመት ተከበረ፤ 1,000 ያህል ጀልባዎች በቴምዝ ወንዝ ሲያልፉ ዝናቡ ይወርድ ነበር፣ ሕዝቡ ግን ዣንጥላውን ይዞ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ጁላይ 27 ኦሎምፒኩ ተከፈተ። ዝግጅቱን የመራው ዳኒ ቦይል የሆስፒታል አልጋና ነርሶችን ሜዳ ላይ አወጣ፣ ንግሥቲቱን ከጄምስ ቦንድ ጋር በፊልም አሳየ፣ በ1948 ከካሪቢያን ሰዎችን ያመጣችውን የዊንድረሽ መርከብ አምሳያም በስታዲየሙ አሳለፈ። ኦገስት 4 ምሽት ደግሞ ጄሲካ ኤኒስ፣ ግሬግ ራዘርፎርድና ሞ ፋራህ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ወርቅ አመጡ። ባልደረቦችሽ የሚያወሩልሽ እነዚህን ቀናት ነው።

አሁን ወደ ሌላው ግማሽ። በዚያው ሜይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ቴሬዛ ሜይ ሕጋዊ ወረቀት ለሌላቸው ሰዎች ኑሮው እንዲከብዳቸው እንደምትፈልግ ለጋዜጣ በግልጽ ተናገረች። ጁላይ 9፣ ኦሎምፒኩ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ ባል ወይም ሚስት ከውጭ ማምጣት የሚፈልግ ሰው በዓመት ቢያንስ 18,600 ፓውንድ ገቢ እንዲያሳይ የሚያስገድደው ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። በ2024 ይኸው መጠን ወደ 29,000 ከፍ ብሏል። በአንቺ የሥራ መስክ ስንት እንደሚከፈል ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ትዳር ያላቸው ስንት ሰዎች በዚህ ቁጥር ምክንያት ለዓመታት ተለያይተው እንደሚኖሩ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ በር ላይ ብትጠይቂ ትሰሚያለሽ።

ያቺ መርከብስ? በ2018 እንደታየው በሕጋዊ መንገድ በልጅነታቸው ከካሪቢያን የመጡ ሰዎች «ወረቀት አሳዩ» እየተባሉ ሥራቸውን አጡ፣ ቤታቸውን አጡ፣ ሕክምና ተከለከሉ፣ ከአገር የተባረሩም አሉ። መነሻው ቴሬዛ ሜይ በ2012 የተናገረችለት ያ ኑሮ የማክበድ ፖሊሲ ነው። ሞ ፋራህም በ2022 ታሪኩን ሲናገር፣ ልጅ ሳለ ከጅቡቲ በሌላ ልጅ ስም እንግሊዝ መግባቱንና ሰው ቤት እንዲሠራ መገደዱን ገለጸ። አገር ያጨበጨበለት ሰውና አገሪቱ በር የምትዘጋበት ሰው ያን ያህል የተራራቁ አይደሉም። ይህን ባልደረቦችሽ ይወቁት፣ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ በዚያ ኦሎምፒክ የእኛ ልጆች ውጤት ምን ነበር? ወንድሜ «ፋራህ ቀማን» ከማለት በቀር ምንም አያስታውስም። (ከአዳማ)

መልስ፦ ሴቶቹን ረስቷል ማለት ነው! ጥሩነሽ ዲባባ ኦገስት 3 በ10 ሺህ፣ ቲኪ ገላና ኦገስት 5 በዝናብ ማራቶኑን በ2:23:07 በኦሎምፒክ ሪከርድ፣ መሠረት ደፋር በ5 ሺህ። ሦስት ወርቅ፣ ሁሉም የሴቶች። በወንዶች 10 ሺህ ታሪኩ በቀለ ነሐስ ሲያገኝ ቀነኒሳ አራተኛ ወጣ፣ በ5 ሺህ ደጀን ገብረመስቀል ከፋራህ ቀጥሎ ብር ወሰደ። ወንድምህ ቢረሳም አልፈርድበትም። ውድድሩ ባለቀ በስምንት ቀን ውስጥ መጀመሪያ አቡነ ጳውሎስ፣ ከዚያ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አረፉ፤ አገር ስለ ወርቅ የሚያወራበት ጊዜ አላገኘም።

ጥያቄ፦ የሊቨርፑል ደጋፊ ነኝ። ማልያው ላይ ያለው 97 የሂልስቦሮ ሟቾች ቁጥር እንደሆነ አውቃለሁ። አደጋው በ1989 ሆኖ ሳለ ለምን ሁሉም ሰው 2012ን ይጠቅሳል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለእኔ የዚያ ዓመት ትልቁ ቀን ይኸው ነው፤ ሴፕቴምበር 12።

ኤፕሪል 15፣ 1989 ሼፊልድ ውስጥ በኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ላይ 96 የሊቨርፑል ደጋፊዎች በመጨናነቅ ሞቱ (97ኛው በጉዳቱ ምክንያት በ2021 ያረፈ ነው)። ፖሊስ ጥፋቱን ደጋፊዎቹ ላይ አላከከ፤ ሰክረው ነበር ተባለ፣ ዘ ሰን ጋዜጣም ሐሰቱን ፊት ገጹ ላይ አወጣው። በሊቨርፑል ከተማ እስከ ዛሬ ያን ጋዜጣ የማይገዙ ብዙ ናቸው። ቤተሰቦቹ ለ23 ዓመት አንድ ነገር ብቻ ሲሉ ኖሩ፦ ልጆቻችን ጥፋተኛ አይደሉም።

በ2012 በሊቨርፑሉ ጳጳስ ጄምስ ጆንስ የሚመራው ገለልተኛ ቡድን 450,000 ገጽ የሚሆን ሰነድ መርምሮ ሪፖርቱን አወጣ። ከ160 በላይ የፖሊሶች ቃል ተቀይሯል፣ ብዙዎቹ ፖሊስን የሚያስወቅሰው ክፍል እንዲወጣ ተደርጎ። ከሟቾቹ እስከ 41 የሚሆኑት በጊዜ ቢረዱ መትረፍ ይችሉ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ካሜሮን ፓርላማ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ በቴሌቪዥን ዝነኛ የነበረው ጂሚ ሳቪል ልጆችን ለዓመታት ሲደፍር እንደኖረ በአይቲቪ ተጋለጠ፣ ቢቢሲ የራሱን ምርመራ ቀደም ብሎ ማቆሙ ሲታወቅም ጉድ ተባለ። ሰው «የማምነው ማንን ነው?» ያለበት መከር ነበር።

ዲሴምበር ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የድሮውን «ድንገተኛ አደጋ» የሚለውን ውሳኔ ሻረው። የ15 ዓመት ልጇን ያጣችው አን ዊሊያምስ በካንሰር በጽኑ ታማ ሳለች ከፍርዱ አልቀረችም፣ ለንደን ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ ተገኘች። በወራት ውስጥ አረፈች። የዚያ ገና በእንግሊዝ አንደኛ የወጣው ዘፈንም ፖል ማካርትኒን ጨምሮ ብዙ ዘፋኞች ለቤተሰቦቹ የፍርድ ቤት ወጪ የሠሩት ነው።

በ2016 ጁሪው (ከተራው ሕዝብ የተመረጡት ፍርድ ሰጪዎች) 96ቱ በሕገወጥ መንገድ ተገድለዋል ብሎ ወሰነ። የዕለቱ የፖሊስ አዛዥ ግን በ2019 ነጻ ወጣ፣ ቃል አስቀይረዋል በተባሉት ላይ የተከፈተው ክስም በ2021 ከሸፈ። ከፖሊሶቹ የተፈረደበት አንድም የለም፣ ይህ ደግሞ አሁንም ያናድደኛል።