ወገባችሁ ሳይቆለፍ

ልጆቼ፣ እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ የሰው ወገብና ጉልበት ሳንቀሳቅስ ኖሬያለሁ። ደብረ ብርሃን ሥራ ስጀምር ወገቤን ብሎ የሚመጣው ወይ አዛውንት ነበር፣ ወይ ከባድ ነገር ያነሳ ሰው። አሁን ወረፋው ላይ የማያችሁ እናንተን ነው። ቀኑን ሙሉ ማሽን ፊት ቆሞ የሚውለው፣ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚያመሸው፣ ፈተና ደርሶበት ከወንበር የማይነሳው ተማሪ። ዛሬ ስለ ዮጋ፣ ከእስትንፋስ ጋር ስለሚሄድ የመዘርጋትና የመተጣጠፍ እንቅስቃሴ፣ የማወራችሁ ለዚህ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ የ24 ዓመት ባጃጅ ሹፌር እናቱ ይዘውት መጡ። ልጅዎ ታሟል ሲባሉ ከመንዝ ነው የተነሱት። «እስቲ ጉልበትህን ሳታጥፍ እጅህን ወደ መሬት አውርድ» አልኩት። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ደርሰው ቆሙ። ጭኑ ከኋላ እንደ ጠፍር ተወጠረ፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ በቃኝ አለ። ይሄኔ እናቱ፣ ስልሳን የተሻገሩ ሴት፣ ከአግዳሚው ተነስተው ያወለቀውን ጫማ ሊያነሱለት ጎንበስ አሉ። ጉልበታቸው ሳይታጠፍ መዳፋቸው ወለሉን ነካ። ምንም አልመሰላቸውም። እኔ ሳይ ግን ገባቸውና «አረም ሳርም አይደል የኖርሁ፣ ዶክተር» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውነት የምናዘወትረውን ይይዛል፣ የተውነውን ይረሳል። የእናቶቻችን ሥራ ቀላል ነበር እያልኩ አይደለም፤ እንስራና እንጨት ተሸክመው ወገባቸው ያለቀ ስንት እናቶች አክሜያለሁ። ግን መጎንበስ፣ መዞር፣ ቁጢጥ ማለት፣ መንበርከክ የየቀን ነገራቸው ነው። ይሄ ልጅ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ አቀማመጥ ላይ ነው፤ ያውም ኮብልስቶኑ እያንቀጠቀጠው። ዮጋን የምመክራችሁ ያንን የተረሳ እንቅስቃሴ ስለሚመልስ ነው።

ዮጋ የህንድ ነው፣ እጅግ የቆየ። ቃሉ በሳንስክሪት መጥመድ ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው፣ በሬ በቀንበር እንደምንጠምደው። የገበሬ ልጅ ስለሆንኩ ይሄ ቶሎ ነው የገባኝ፦ እንቅስቃሴና እስትንፋስ በአንድ ቀንበር ይሄዳሉ፤ አንዱ ከሮጠ እርሻው ይበላሻል። መጀመሪያ ያየሁት ተማሪ እያለሁ ነው። ያን ጊዜ የህንድ መምህራን ብዙ ነበሩ፤ የሂሳብ አስተማሪያችን ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ጨርቅ አንጥፎ ሲተጣጠፍ በአጥር ቀዳዳ እናየው ነበር። ምን እንደሚያደርግ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በሽተኛ ሳነሳ የራሴ ወገብ ሲያዝ ነው።

ጥቅሙን ሳላጋንን ልንገራችሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ባወጣው መመሪያ፣ ለቆየ የወገብ ህመም ከመድኃኒት በፊት ይሞከሩ ከተባሉት አንዱ ዮጋ ነው። ተአምር የለውም፤ ህመሙን ይቀንሳል፣ መንቀሳቀስን ያቀላል፣ በሳምንት ሳይሆን በወራት። የጭናችሁ የኋላ ጡንቻ ሲላላ ዳሌያችሁ እንደልቡ ይዞራል፣ ስትጎነበሱ ሸክሙ ሁሉ ወገብ ላይ አይወድቅም። በአንድ እግር መቆም ሚዛን ያስተምራል። ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል፣ የልብ ምትን ያረጋጋል፣ የደም ግፊትንም በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል። የግፊት ኪኒን የምትወስዱ ግን በዚህ ተማምናችሁ እንዳታቆሙ፣ አደራ!

የእግር ጉዞንም አይተካም። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ልብን ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ይላል፤ አብዛኛው ዮጋ ደግሞ ለስለስ ያለ ነው። ስለዚህ ባጃጁን ትታችሁ በእግራችሁም ሂዱ።

ምንጣፍ ግዙ አልላችሁም። ባና ካላችሁ አጥፋችሁ አንጥፉ። በእጅና በጉልበታችሁ ሁኑ። አየር ስታስወጡ ጀርባችሁን እንደ ተቆጣች ድመት ወደ ላይ አጉብጡ፣ ስታስገቡ ሆዳችሁን ወደ መሬት ልቀቁ። ቀስ እያላችሁ አሥር ጊዜ። ከዚያ ተረከዛችሁ ላይ ቁጭ በሉና ግንባራችሁን መሬት አስነኩ፣ እጃችሁን ወደፊት ዘርጉ፣ እዚያው አሥር ጊዜ ተንፍሱ። ለመጀመሪያው ሳምንት ይሄ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከአልጋ እንደወረዳችሁ በኃይል አትጎንበሱ። ሌሊት ተኝተን በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ውኃ ይስባሉ፣ ጠዋት ያበጡና የተወጠሩ ናቸው። በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጥቅምትና ኅዳር ውርጩን ታውቁታላችሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ፣ እየተንጎራደዳችሁ ሙቁ። በጭንቅላት መቆምን ደግሞ ከቪዲዮ አይታችሁ እንዳትሞክሩት። አንገት ለዚያ ሸክም አልተሠራም፤ የደም ግፊት ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት በሽታ ላለበት ጭራሽ አደገኛ ነው።

«የሌላ እምነት አይደለም ወይ?» ብላችሁ የምትጠይቁኝ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሀገሩ ከተመስጦና ከእምነት ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። እኔ የማሳየው እንቅስቃሴውንና አተነፋፈሱን ብቻ ነው። ልባችሁ ካላረፈ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ወይም ፊዚዮቴራፒ ክፍል ኑ፤ ተመሳሳይ እንቅስቃሴዎች እኛም ጋ አሉ።

ከወገብ ህመሙ ጋር እግራችሁ አልታዘዝ ካለ፣ በጭናችሁ መካከል ከደነዘዘ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ ግን ዮጋም ማሳጅም ወጌሻም አይደለም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። አንድ ቀን ማደር እንኳ ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።

ያ ሹፌር ሁለት ወር ሙሉ ሳያቋርጥ ሠራ። ተራ ሲጠብቅ ጭምር የባጃጁን ጣራ ይዞ ጀርባውን ሲዘረጋ አይቼዋለሁ። ባለፈው ሲመጣ ጣቶቹ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደረሱ። ወለሉን ገና አልነካም። እናቱ በደወሉ ቁጥር «ደረሰልህ?» እያሉ ይጠይቁታል።