«በምን ተጠርጥሬ ነው?» ስለ ወንጀልና ስለ መያዝ ጥያቄና መልስ

ለብዙ ዓመታት በወንጀል ችሎት ጥብቅና የቆምኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ የለኝም፤ ጠይቁኝ። የራሳችሁን ጉዳይ ስትጽፉ የማንንም ስም አታስገቡ።

ጥያቄ፦ ጎረቤቴ በጥቂቱም በትልቁም «ይኼ ወንጀል ነው፣ እከስሃለሁ» ይለኛል። አንድ ነገር ወንጀል የሚሆነው ምን ሲሟላ ነው?

መልስ፦ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 23 ሦስት ፍሬ ነገሮችን ይጠይቃል፤ ሕጋዊ፣ ግዙፋዊ እና ሞራላዊ። ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ ይኑር፣ ድርጊቱ ይፈጸም፣ የፈጻሚውም አእምሮ ጥፋተኛ ይሁን ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ ወንጀል የለም።

ከለቅሶ ቤት ስትወጣ ዝናብ ነው እንበል። ድንኳኑ ደጃፍ ከተደረደሩት ጥቁር ጃንጥላዎች አንዱን አንሥተህ ሄድክ፤ ቤት ገብተህ ስታየው እጀታው የአንተ አይደለም። ስርቆትን የሚከለክል ሕግ አለ፣ አንቀጽ 665። የሰው ዕቃ መውሰድህም እርግጥ ነው። ሐሳቡ ግን የለም፤ የራሴ ነው ብሎ ያነሣ ሰው አልሰረቀም። በማግስቱ ባለቤቱ ደውሎ ሲጠይቅህ «አላየሁም» ካልክ ግን ነገሩ መልኩን ይለውጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ «ሳላስበው ነው» ያለ ሁሉ ነጻ ይወጣል?

መልስ፦ አይወጣም። ቸልተኝነትም ያስቀጣል፣ ሕጉ በግልጽ በደነገገበት ቦታ ብቻ። በቸልተኝነት ሰው ገጭቶ የገደለ ሾፌር በአንቀጽ 543 ይጠየቃል። የቸልተኝነት ስርቆት የሚባል ግን የለም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ተበድሬ መክፈል አቃተኝ። አበዳሪዬ ከፖሊስ ጣቢያ መጥሪያ አስልኮብኛል። ልታሰር እችላለሁ?

መልስ፦ ብድር አለመክፈል ብቻውን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ማንም ስላልከፈለ ብቻ አይታሰርም። መጥሪያውን ግን ችላ አትበል፤ ሂድና በምን እንደተፈለግህ ጠይቅ። ደግሞ ልጠይቅህ፦ ቼክ ፈርመህ ሰጥተሃል?

ጥያቄ፦ ሰጥቻለሁ። ግን ለመያዣ ብቻ ነው ተባብለን ነበር።

መልስ፦ እንግዲህ ጉዳዩ ሌላ ሆነ። በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ ማውጣት በአንቀጽ 693 ወንጀል ነው። «ለመያዣ ነው» የሚለው መከራከሪያ ብዙ ሰው ተማምኖበት ጥቂት ሰው ሲድንበት አይቻለሁ። ጣቢያ ከመሄድህ በፊት ጠበቃ አማክር።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊይዘኝ ይችላል?

መልስ፦ መርሁ በትእዛዝ መያዝ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን በአንቀጽ 51 በሮች ከፍቷል፤ ዋናው፣ ከአንድ ዓመት ባላነሰ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ፈጽሟል ወይም ሊፈጽም ነው ተብሎ በበቂ ምክንያት የተጠረጠረ ሰው ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቴሌቪዥን ተሸክሞ እየሄደ ከየት እንዳመጣው ማስረዳት ያቃተውም ይያዛል። «አስተያየቱ አላማረኝም» የሚል ምክንያት ግን ከነዚህ በሮች በአንዱም አይገባም።

ጥያቄ፦ እኔስ ሌባ እጅ ከፍንጅ ብይዝ?

መልስ፦ መያዝ ትችላለህ፣ ወንጀሉ ከሦስት ወር ባላነሰ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ። ሳትዘገይ ለፖሊስ አስረክብ። ከመታኸው ሁለታችሁም ቃል ሰጪ ትሆናላችሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዓርብ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተያዘ። «ቅዳሜና እሑድ አይቆጠርም፣ ሰኞ ይቀርባል» አሉን። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በ48 ሰዓት ውስጥ ይላል፤ «በሥራ ሰዓት» አይልም። የሚቀነሰው ወደ ፍርድ ቤት ለሚደረግ ጉዞ በግምት የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ወንድምሽ ላይ ሰዓቱ የሞላው እሑድ ማታ ሁለት ሰዓት ነው። የተያዘበትን ሰዓት አሁኑኑ ጻፊው፤ ችሎት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚነሣው እሱ ነው። ከነጭራሹ ካላቀረቡት «አካልን ነጻ የማውጣት» አቤቱታ አለ፣ ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲፈታ ፍርድ ቤትን መጠየቂያ ማለት ነው፤ እሱ ማቅረብ ካልቻለ ስለ እሱ ሆነሽ አንቺ ታቀርቢያለሽ።

ጥያቄ፦ አሁን ቀረበ። ፖሊስ ለምርመራ 14 ቀን ጠይቆ ተፈቀደለት። ደግሞ ይጠይቃል?

መልስ፦ ሊጠይቅ ይችላል። 14 ቀን የአንድ ጊዜ ጣሪያ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሚጠየቅ ግን የሥነ ሥርዓት ሕጉ አልገደበም። ክርክሩ ያለው እዚህ ነው። መርማሪው «የምስክር ቃል መቀበል ይቀረናል» ሲል ጠበቃችሁ «ባለፈው 14 ቀን ስንት ምስክር ተሰማ?» ብሎ ይጠይቅ። አንድ ጊዜ መርማሪው መዝገቡን ሲያገላብጥ ቆይቶ «አንድ» አለ፤ ዳኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው ዝም ብለው አዩት፤ ደንበኛዬ በዚያው ቀን በዋስ ወጣ። ስለዚህ በየቀጠሮው ምን ሠርተናል እንዳሉ መዝግቢ።

ጥያቄ፦ በፊልም እንደምናየው፣ ፖሊሱ ሲይዘኝ «መብትህ ይህ ነው» ካላለኝ እለቀቃለሁ?

መልስ፦ አትለቀቅም። የተያዝክበትን ምክንያት በሚገባህ ቋንቋ የመስማትና ያለመናገር መብት አለህ፤ በማስገደድ የተገኘ ቃልም ተቀባይነት የለውም። የፊልሙ መዝጊያ ግን እዚህ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ሌሊት ቤቴን ሊበረብሩ ቢመጡስ?

መልስ፦ ትእዛዙን አሳዩኝ በል። በትእዛዝ የሚደረግ ብርበራ፣ ፍርድ ቤቱ ካልፈቀደ በቀር፣ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ ቃሌን ጽፈው «ፈርም» ሲሉኝስ?

መልስ፦ ሳታነብ አትፈርም። መነጽርህን ከረሳህ «መነጽሬ ይምጣልኝ» በል፤ ያላልከው ነገር ተጽፎ ካገኘህ ይስተካከል በል።