ታይፎይድ ነው ወይስ የበቆሎው ክኒን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው። ሰሞኑን አምስት ኩንታል በቆሎ ገዛን። እንዳይነቅዝ ብለን በየጆንያው የነቀዝ ክኒን ከተን፣ ከመኝታችን ጎን ያለው ክፍል አስቀመጥነው። ከዚያ ወዲህ ልጆቼ ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያቅለሸልሻቸዋል። እኔንም ደረቴን ይጨንቀኛል። ክሊኒክ ሄደን "ታይፎይድ ነው" ተባልን። በቆሎው ክፍል የሚያድሩ ሦስት ዶሮዎችም ሞቱ፤ ፈንግል መስሎን ነበር። ጎረቤቴ ግን "ክኒኑ ነው" ትላለች። እውነት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤትዎ ትክክል ሳትሆን አትቀርም። ዛሬ ማታ እዚያ ቤት አትደሩ። በርና መስኮቱን ከፍታችሁ ውጡና ልጆቹን አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ክኒን መጠቀማችሁንም መጀመሪያ ተናገሩ፤ ካልተናገራችሁ ሐኪሙ ከየት ያውቃል?

ታይፎይድ የቤቱን ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት አሳምሞ ቀን አይተወውም። ዶሮም አይገድልም። (ከሰል ቤት ውስጥ የምታሳድሩ ከሆነ ግን እሱም እንዲህ ያደርጋልና ይንገሯቸው።)

ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። የጅማን ክረምት መቼም ያውቁታል፤ ግድግዳው ሳይቀር ይረጥባል። 3 ግራም የሚመዝን አንድ ፍሬ 1 ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል፤ መልቀቁም ለቀናት ይቀጥላል። የተሠራው ሰው ለማያድርበት፣ በደንብ ለሚታሸግ መጋዘን ነው። ጋዙ በበር ሥርና በግድግዳ ስንጥቅ ያልፋል። አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል፤ አልሸተተም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

ነቀዙንም፣ ዶሮውንም፣ ሰውንም የሚጎዳው በአንድ መንገድ ነው። አየር ይሳባል፣ ሴሎች ግን ኦክስጅኑን መጠቀም ያቅታቸዋል። ልብና ሳንባ ክፉኛ ይጎዳሉ። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሆስፒታል የሚደረገው ኦክስጅን መስጠት፣ ልብን መከታተልና ሰውነትን መደገፍ ነው። ወተት መጋት ጋዙን አያረክስም፤ በዚህ ሰዓት ጊዜ ማባከን ነው። አሁን ቀለል ቢላቸውም ሳንባ ከሰዓታት በኋላ ውሃ ሊቋጥር ስለሚችል "ተሻላቸው" ብላችሁ አትቅሩ።

ጆንያውን ራሳችሁ ገብታችሁ አትጎትቱ። ውሃም አታፍስሱበት፤ ጋዙ ይብሳል፣ እሳትም ሊነሳ ይችላል። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጥሩ። በቆሎው ውጭ በደንብ ከተናፈሰና የክኒኑ ዱቄት ከተለቀመ በኋላ ይበላ አይበላ እሱ አይቶ ይንገራችሁ። የሞቱትን ዶሮዎች ግን ለውሻም አትስጡ፤ ቅበሯቸው።

ለከርሞ በቆሎውን በደንብ አድርቃችሁ፣ ፒክስ በሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት እሰሩት። አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ያለ ምንም ክኒን ታፍኖ ይሞታል።