መልስ፦ ክሊፕን በአንድ ጂፒዩ ሰው ፈላጊ ማድረግ

ደብረ ብርሃን ሆኜ፣ በአንድ ጂፒዩ (ሞዴል ማሠልጠኛ የግራፊክስ ፕሮሰሰር)፣ ክሊፕን (ፎቶንና ጽሑፍን የሚያዛምደውን የኤአይ ሞዴል) «ቀይ ሹራብ የለበሰ፣ ጥቁር ቦርሳ የያዘ» ስለው ሰውየውን ከፎቶዎች መሃል እንዲያወጣልኝ ማሠልጠን ይቻላል ወይ ብለሃል። ይቻላል ወንድሜ። ሙሉውን ሞዴል ግን አትንካው፣ የጂፒዩህ ሜሞሪ ላይችለው ይችላል። ዋናውን ባለበት ተወውና ሎራ በሚባለው ዘዴ፣ በላዩ የሚጨመሩ ትንንሽ ማትሪክሶችን (የቁጥር ሰንጠረዦችን) ብቻ አሠልጥን። የቆመ ሰው ፎቶ ረጅምና ጠባብ ነው። ክሊፕ ደግሞ የለመደው አራቱም ጎኑ እኩል የሆነውን ስለሆነ የቦታ ኢምቤዲንጉን (እያንዳንዱ የፎቶ ቁራጭ የት እንዳለ የሚነግሩትን ቁጥሮች) አስተካክልለት። እኔ ይሄን ረስቼ ሁለት ቀን በከንቱ ሄዶብኛል።

ለልምምድ በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሲዩኤችኬ ፔደስ (CUHK-PEDES) የተባለው የሰዎች ፎቶ ስብስብ ይበቃሃል፤ ከ40,000 በላይ ፎቶ ከነመግለጫው አለው። የመንዝ በርኖስ ግን እዚያ አትጠብቅ! እሱን ራስህ አንሳ፣ ባለቤቱን አስፈቅደህ። መግለጫውን በእንግሊዝኛ ጻፈው። ክሊፕ በአንዴ የሚያነበው 77 ቶክን (የጽሑፍ ቁራጭ) ብቻ ነው፤ አማርኛውን ቆራርጦት ቶሎ ያልቅብሃል።